የእንቅልፍ ሥልጠና

እንቅልፍ ከዓይኗ ከራቀ ሰንብቷል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ታነጋዋለች፣ ቀን ደግሞ ብትሞት መተኛት አይፈቀድላትም፤ እንጀራዋ ሌላው ሲተኛ ነቅቶ መጠበቅ ነውና። ይኸው በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ክፍሉ ጨለምለም ብሎ፣ ሕፃናቱ በየአልጋቸው ተዘርረው ሲያንኮራፉ እሷ ጥግ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ታፈጣለች። «ተንከባካቢ በልጆች የእንቅልፍ ሰዓት አትተኛም፣ ስልክ አታነሳም፣ ከክፍሉ አትወጣም» ተብላ ተምራለች፤ እሺ፣ አትተኛም፣ ማን እንቅልፍ አለውና ይተኛል! አገር ቤት «እትዬ» ናት። የበኩር ልጅ ስለሆነች ታናናሾቿ እንዲህ ይሏት ነበር፣ ከነሱ ጎረቤት ተቀበለ፣ በመጨረሻ የወለደቻት እናቷ ሳትቀር እትዬ አለቻት፤ እዚህ ግን ማንም የማንም ታላቅ አይደለም፣ ወጣት ሽማግሌው በስም ነው የሚጠራራው፣ የሷን ስም ደግሞ አፋቸው ውስጥ ሲያላምጡት ቆይተው አጥንቱን ይተፉላታል።

ቤቱ የሰው መኖሪያ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ሳሎኗን የሕፃናት ማዋያ አድርጋ፣ ፈቃድ አውጥታ፣ የሰው ልጅ ትቀበላለች፤ እትዬ እሷ ሥር ነው የምትለማመደው። በልቧ ስም አውጥታላታለች፣ ወይዘሮ ቀስ። በር ሲዘጋ ቀስ፣ ማንኪያ ሲቀመጥ ቀስ፣ ልጅ ሲስቅ ሳይቀር ቀስ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆንማ ይሻል ነበር፣ ክፉን ሰው መጥላት ይቀላል፣ ይቺ ግን ፈገግ እያለች ነው ሰው የምታንቀው። ወይዘሮ ቀስ «ሠልጥናለች፣ ብቻዋን መሥራት ትችላለች» ብላ ካልመሰከረችላት ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ የራሷን ማዋያ መክፈት የለም፤ እሱ ከሌለ ሚጡን ማምጣት የለም። ሚጡ ልጇ ናት። ጥላት ስትመጣ ገና ድክ ድክ ማለት መጀመሯ ነበር፣ አሁን አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖራለች። እና ሚጡ ማልቀስ ትታለች። እትዬን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው፤ ልጇ በስልክ ማልቀስ ትታለች፣ ለምን እንደተወች ደግሞ እትዬ አታውቅም፣ ታውቃለች፣ ማወቅ አትፈልግም።

ከመስኮቱ ሥር ጥሩንባ ጀመረች። ወላጆቿ ያወጡላት ሌላ ስም አላት፤ እትዬ ግን የመጣች ዕለት ስትነፋው ሰምታ ጥሩንባ አለቻት፣ ከሁሉም አብልጣ የምትወዳትም እሷን ነው፣ በዚህ ቤት ቀስ የማትል ፍጡር እሷ ብቻ ናትና። ዓመቷን ገና ደፈነች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል፣ የአልጋውን ፍርግርግ ይዛ ቆማ እትዬን እያየች ትጮኻለች፤ ሰው ጠፍቶ ቢሆን እኮ ደግ፣ ሰው እያየች ነው የምትጮኸው! ሕጉ ግን ግልጽ ነው። መጀመሪያ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ ትሄጂና አስተኝተሽ ደረቷን መታ መታ ታደርጊያለሽ፣ አታነሺም። ትመለሻለሽ። ቀጥሎ የምትጠብቂው ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ ከዚያ ደግሞ ይረዝማል፣ በመጨረሻ ዝም ትላለች። ስሙ ራስን ማረጋጋት ነው። ራስን ማረጋጋት! እኔ ይሄን የማክል ሴትዮ፣ ወልጄ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ራሴን ማረጋጋት አቅቶኝ ጣራ ሳይ የማነጋ፣ የዓመት ልጅ ራሷን ታረጋጋ ይሉኛል ትላለች እትዬ በሆዷ፤ ተነስታ ግን ትሄዳለች፣ ታስተኛታለች፣ ደረቷን መታ መታ ታደርጋለች፣ «የእንቅልፍ ሰዓት ነው» ትላለች በነሱ ቋንቋ፣ በዚያ ደረቅ ቃል፣ ተመልሳም ትቀመጣለች። ጥሩንባ ድምጿን ከፍ አደረገች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠና አለ። አሰልጣኙ ጥፍሩ የጸዳ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው፣ የላስቲክ አሻንጉሊት እያገላበጠ ነው ሕፃን አያያዝ የሚያስተምረው፤ አሻንጉሊቱ አያለቅስም፣ አያስመልሰውም፣ ንፍጡ አይዝረከረክም፣ እንደሱ ዓይነት ልጅ ከሆነማ አሥራ ሁለት በወለድን! አንድ ቀን «አንቺ አገር ሕፃን እንዴት ይተኛል?» አላት። እናዝላለን ልትል ፈለገች፣ ቃሉ በነሱ ቋንቋ አልመጣላት አለ፣ ብትቸገር ጃኬቷን አውልቃ አሻንጉሊቱን ጀርባዋ ላይ ጣል፣ ጠቅለል፣ ደረቷ ላይ ቋጠር አደረገችና ወዲያ ወዲህ አለችላቸው። ክፍሉ አጨበጨበ። አንዷ ፎቶ አነሳቻት። አሰልጣኙም «እንዴት ያለ ደስ የሚል ባህል ነው» አለ፣ «እዚህ ግን አናደርገውም፣ የልጁ ፊት አይታይሽም፣ መተኛትም መለማመድ ያለበት በራሱ አልጋ ነው።» እሺ፣ የናንተ አገር ነው፣ ሕጋችሁ ነው አለች። በሳምንቱ እሱው ራሱ ዘለበት የበዛበት የልጅ መሸከሚያ ጨርቅ ይዞ መጣና አንድ ጎረምሳ አስታጥቆ «አባትና ልጅ እንዲህ ሲሆኑ ፍቅር ይጠነክራል» ብሎ ሲያስተምር እትዬ ጥርሷን ነክሳ አዳመጠች። ዘለበት ሲኖረው ትምህርት፣ ቋጠሮ ሲሆን ባህል! ያን ቀን ብትናገር ኖሮ ደህና አድርጋ ትናገራቸው ነበር፣ ግን የሰው ቋንቋ ለቁጣ አይመችም፣ ቃሉን ስትፈልጊ ንዴቱ ይበርዳል።

የኛስ ቢሆን? የኛም አይወራ። የእናቷ ግቢ ገበያ የሚውሉ ሴቶች ልጅ ጥለው የሚሄዱበት ነበር፤ «ያዢልኝ፣ መጣሁ» ብላ በጠዋት የሄደች ሲመሻሽ ነው የምትመጣው። ያለቀሰ ልጅ ቅርብ የተገኘ ሰው ጀርባ ላይ ይወጣል፣ ልብስ አጣቢዋ ታዝላለች፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣችው ታዝላለች፣ ሌባ ቢገባ እንኳ መጀመሪያ አንድ ልጅ አዝሎ ነበር ወደ ስርቆቱ የሚያልፈው። አለቀሰች ትላለህ፣ ወዲያው ጀርባ ላይ ናት፣ ጉንጯ ትከሻህ ላይ ተለጥፎ፣ ምራቋ በአንገትህ እየወረደ፣ ሁለተኛ ሳትዞር ተኝታለች። ግን እዚያው ግቢ ውስጥ የጎረቤት ልጅ በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ ጠጥቶ እናቱ ፀጉሯን እየነጨች ስትሮጥ እትዬ አይታለች፤ ልጁ ተረፈ፣ ላምባው ግን በማግስቱ እዚያው መደርደሪያ፣ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ነበር። እዚህ ቁምሳጥኑ ሁሉ ይቆለፋል፣ መድኃኒት አይገኝም፣ ስለት አይገኝም፣ የሶኬት ቀዳዳ ሳይቀር ተደፍኗል። ይሄን አትክድም። ያኔ አንዱ ሰው «ያን ጠርሙስ አንሱት» ብሎ ቢሠለጥን ምን ነበረበት፣ እነዚህስ አንዲት ልጅ ቢያዝሉ ምን ይጎድልባቸዋል፤ ሁለቱም ግን ግማሽ ግማሹን ይዘው ሙሉ ነን ይላሉ፣ መሃል ላይ እሷ ናት የምትቃጠለው።

ጥሩንባ እየጮኸች ነው። እትዬ መታ መታ አድርጋ ተመለሰች። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፣ አላወጣችውም፣ ታናሽየዋ ናት፣ በዚህ ሰዓት እዚያ ይመሻል፣ ሚጡ የምትተኛበት ሰዓት ነው። ድሮ፣ ድሮ ምን አላት፣ አምና፣ በዚህ ሰዓት ሲደወል ሚጡ መጀመሪያ ትፈነጥዛለች፣ ጥርሷን ታሳያለች፣ የታጠበ እግሯን ስልኩ ላይ ትለጥፋለች፣ «በይ ቻው» ሲባል ግን ጉድ ይፈላል። ስልኩን ነክሳ ትይዛለች። ትንፈራፈራለች። ታናሽየዋ እያዘለቻት፣ «እሹሩሩ» እያለቻት፣ ስልኩ እስኪዘጋ የሚሰማው ጩኸቷ ነው፣ ከተዘጋም በኋላ ለእትዬ ይሰማታል፣ አውቶቡስ ውስጥ ይሰማታል፣ የሰው ልጅ ገላ ስታጥብ ይሰማታል። አልቻለችም። ማን ይችላል? እና አንድ ቀን ይሄን ክፍል በስልኳ ቀረጸችው፣ መጋረጃውን፣ ንጹሕ አልጋውን፣ ብቻቸውን የተኙትን ልጆች፣ ለእህቷም ላከችላት፤ «እይ፣ በሠለጠነ አገር ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው፣ አንቺ እንደ ጥንቱ ጆንያ ተሸክመሻት ትዞሪያለሽ፣ ነገ እዚህ ስትመጣ ልታዋርደኝ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዋን ትተኛ፣ ብታለቅስ አትግቢ።» ታናሽየዋ መጀመሪያ እምቢ አለች። እትዬ ተቆጣቻት። ታላቅ ናት፣ ወጪውን የምትሸፍነው እሷ ናት፣ የሠለጠነች እሷ ናት። ታናሽየዋ ታዘዘች፣ ከታዘዘች ደግሞ ለነገሩ አትሰንፍም፣ የእናታቸው ዓይን ደክሞ ግቢውን ከተረከበች ወዲህ የሰው ልጅ ሁሉ በሷ እጅ ነው፣ ሕጉን ለሁሉም አወጀችው፤ እዚያ ግቢ ዛሬ ማንም አይታዘልም። አቤት ሙያ! የላምባውን ጠርሙስ አንሺ ያላትስ አለ? የለም። ከሁሉ መርጣ የላከችላት ይቺን ነው።

እና ሚጡ ዝም አለች። አሁን ሲደወል «ደህና ነኝ እማዬ። በልቻለሁ እማዬ። እሺ፣ ቻው» ትልና ስልኩን ለአክስቷ ትመልሳለች፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ። መጀመሪያ ጊዜ እትዬ ደስ አላት፣ ተመስገን ሠለጠነችልኝ አለች። ሁለተኛ ጊዜ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች። ከዚያ ወዲህ በተደወለ ቁጥር ታነካካታለች፣ «ናፈቅኩሽ?» ትላታለች፣ ሆዷን ታባባለች፣ አንድ ጊዜማ ሆን ብላ «ልዘጋው ነው፣ ዘጋሁት፣ ይኸው» ብላ አስጨነቀቻት፣ እናት ሆና ልጇን ልታስለቅስ! ሚጡ «እሺ» አለች።

ጥሩንባም ዝም አለች።

እትዬ ቀና አለች። ድንገት ነው ያቆመችው፣ ሳግ እንኳ የለም። ከኩሽና የወይዘሮ ቀስ ጽዋ ሳህኑ ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ተሰማ፤ አየሽ፣ ይሠራል እያለች ይሆናል። ሕጉ ዝም ካለች አትጠጊ ነው የሚለው፣ ትቀሰቅሻታለሽና። እትዬ በእንብርክኳ ሄዳ በፍርግርጉ አየች። ልጅቷ አልተኛችም። በጀርባዋ ተንጋላ፣ ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ፣ ጣሪያውን ታያለች። እትዬን አየቻት፣ አየቻትና መልሳ ጣሪያውን አየች። ያ ጩኸት የት ገባ፣ ያ ሁሉ ንዴት፣ በሰው ላይ ያ ሁሉ እምነት? ይሄ መረጋጋት አይደለም ወገኖቼ፣ ይሄ ተስፋ መቁረጥ ነው፣ እኔ ሳውቀው፣ እኔ እሱን ለብሼ አይደል የምዞረው! እትዬ ቆመች። ልጅቷን ብድግ አደረገቻት፣ ከአልጋው ላይ አንሶላውን ሳበች፣ ጎንበስ አለች፣ ጀርባዋ ላይ ጣለቻት፣ በአንሶላው ጠቅልላ ደረቷ ላይ ጥርቅም አድርጋ ቋጠረች፤ እጇ አልረሳም። ጥሩንባ መጀመሪያ ደረቀች፣ ቀጥሎ ትንሽ አቃሰተች፣ ከዚያ የሆነ ነገር እንደተፈታላት ሁሉ እትዬ ጆሮ ሥር ጩኸቷን ለቀቀችው። «እሰይ» አለች እትዬ፣ «እሰይ የኔ እናት፣ ንፊው!» ከኪሷ ስልኩን አውጥታ ደወለች።

«እትዬ!» አለች ታናሽየዋ። «ሥራ ላይ አይደለሽም እንዴ? የማን ልጅ ናት እንዲህ የምትጮኸው?»

«የሰው ልጅ ናት። ሚጡስ?»

«ደህና ናት። አልጋዋ ላይ ናት፣ መብራት አጥፍቼባት ወጥቻለሁ፣ እንዳልሽኝ።»

«ግቢና እዘያት።»

«ምን አልሽ?»

«አሁን፣ እኔ እየሰማሁ፣ ሄደሽ እዘያት።»

ታናሽየዋ ሳቀች፣ ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም። «አንቺ ሴትዮ ጤና አለሽ? ልጅቷ ‹አክስቴ አክስቴ› እያለች በሩን ስትደበድብ እኔ ውጭ ቆሜ ጣቴን ስነክስ፣ ደውዬልሽ ‹አትግቢ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እማማ ‹ምን ዓይነት አረመኔ ሆናችሁ› ብላ ስንት ጊዜ አኩርፋኝ ከረመች። ያን ሁሉ ችዬ፣ ልጅቷ ለምዳ፣ ሰው ሆና፣ ዛሬ ደርሰሽ እዘያት?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ኧረ! አንቺም ትሳሳቻለሽ?»

«እባክሽ» አለች እትዬ። እባክሽ ብላት አታውቅም፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አዛዥ ናት። የታናሽየዋ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ በር ሲጢጥ አለ፣ የመብራት ማብሪያው ቀጭ አለ።

«አክስቴ፣ ምን አጠፋሁ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ሚጡ ናት። የእትዬ ጀርባ ላይ ያለችው ጥሩንባ ጩኸቷን ወደ ሳግ ቀንሳለች፣ አፍንጫዋን አንገቷ ላይ ትጠርጋለች።

«ምንም አላጠፋሽም፣ ነይ ጀርባዬ ላይ ውጪ» አለች ታናሽየዋ።

«ለምን? እኔ እኮ አላለቀስኩም።»

«አውቃለሁ የኔ ቆንጆ። ነይ ዝም ብለሽ።»

«አውርጂኝ፣ አክስቴ፣ ትልቅ ልጅ ነኝ፣ አውርጂኝ!»

«እንዳታወርጃት!» አለች እትዬ፣ ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ አንዱ ሕፃን ተገላበጠ፣ ሌላዋ ነቅታ ተቀመጠች። የክፍሉ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ቀስ ናት፤ አልተቆጣችም፣ እሷ አትቆጣም፣ ዓይኗ ብቻ ከአንሶላው ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ነቁት ልጆች ሄደ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች በሹክሹክታ። «ልጅቷ እኮ ዝም ብላ ነበር።»

«አዎ፣ ለዚያ ነው ያነሳኋት።»

«አስቀምጫት። ስልኩንም ዝጊው። ይሄን እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም፣ ታውቂያለሽ፣ እኔ ስለ አንቺ መመስከር አለብኝ።»

ታውቃለች። ፈቃዱ ሲሄድ ቁልጭ ብሎ ታያት፣ የራሷ ማዋያ፣ ለሚጡ ያሰበችው መስኮት ያለው ክፍል፣ ሁሉም በዚያች በር ተግተልትሎ ሲወጣ። ልትለምን አሰበች፣ ልትሳደብ አሰበች፣ አገሩንም ሥልጠናውንም ከነአሻንጉሊቱ እግዜር ይንቀለው ልትል አሰበች። ጥሩንባ ጀርባዋ ላይ ከበደች፤ ተኝታለች። «የፈለግሽውን መስክሪ» አለች እትዬ፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ስልኩ ውስጥ ታናሽየዋ እያለከለከች ነው፣ «አትታገይኝ፣ እናትሽ ናት ያለችው፣ ይኸው እሷን አናግሪያት» ትላለች።

«እማዬ?»

«ወዬ የኔ ማር። ወዬ።»

«ዛሬም አልጠየቅኩሽም፣ ጎበዝ አይደለሁ?»

«ምኑን ነው ያልጠየቅሽኝ?»

«መቼ እንደምትመጪ።»

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። ወይዘሮ ቀስ ከኋላዋ የሆነ ነገር ትላለች፣ የነቁት ልጆች አንድ በአንድ ማልቀስ ጀምረዋል።

«ጠይቂኝ» አለቻት። «ጠይቂኝ ሚጡዬ፣ ይኸው እየሰማሁሽ ነው፣ አሁን ጠይቂኝ።»

ከዚያ ሚጡ አፏን ከስልኩ አርቃ፣ አዝላት ወደ ቆመችው አክስቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ «አክስቴ፣ ልጠይቃት?» አለች።